ለነጋዴው የቆመች

ኡስታዝ ሙርተዳ ሁለት የተጣጠፉ ወረቀቶች ነጭ ቆባቸው ውስጥ ጥለው ለልጄ ሲዘረጉላት፣ ክፉው ዕጣ እንደሚደርሳት አውቄ ነበር። ደረሳት። ፋናዬ ወረቀቷን ገለጥ አድርጋ አየችና፣

"ነጋዴው" አለች።

ከከሰላ የመጡት ሁለት ተማሪዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። ለእነሱ የተረፈው ሹሙ ነበር።

ጉዳዩን የጻፉት ኡስታዝ ራሳቸው ናቸው። በረሃብ ዓመት አንድ የእህል ነጋዴ ሦስት መጋዘን ሙሉ ዱራ፣ እኛ ማሽላ የምንለውን፣ ቆልፎ ይቀመጣል። የወረዳው ሹም በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ያዝዘዋል። ነጋዴው ሦስት ቀን መልስ አይሰጥም። በአራተኛው ቀን ሹሙ ቁልፉን አሰብሮ እህሉን ለተራበ ሰው ያድላል። ነጋዴው "ሳልጠራና ሳልሰማ ንብረቴ ተወሰደ" ብሎ ይከሳል። እውነተኛ ክስ አይደለም። ምስለ ችሎት ነው፤ የሕግ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው፣ እውነተኛ ዳኞች ከፊታቸው ተቀምጠው የሚወዳደሩበት። ማን ለማን እንደሚቆም የሚለየው ዕጣ ነው። ነጥብ የሚሰጠውም ደህና አድርጎ ለተከራከረው ነው።

ለሌላ አገርና ለሌላ ዓመት ይህ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ግን ሰባ ሰባት ነበር፤ አገሩም ገዳሪፍ። ከመተማ ማዶ በእግሩ የሚመጣው ሰው ገና አላለቀም። እኔ ከከተማው ዳር በተተከለው የመቀበያ ድንኳን የመጪውን ሰው ስም እጽፍ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴ ያተረፈልኝ ሥራ እሱ ነው። የልጅ ስም ከጻፍኩ በኋላ እናትየው "እሱን ተይው፣ መንገድ ላይ ቀርቷል" የምትለኝ ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ለእህል ነጋዴ ጥብቅና የምትቆም ልጅ፣ ያውም ስደተኛ፣ ምን እንደሚጠብቃት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

"ዕጣው ይደገም በያቸው" አልኳት ወደ ቤት ስንመለስ።

"ዕጣ አይደገምም፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ቅሪ።"

መቅረት እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ፋናዬ ካርቱም ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት በመንግሥት ላይ በተነሣው ሰልፍ ምክንያት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ስደተኛ በዚህ አገር የጥብቅና ፈቃድ ስለማያገኝ የሕግ ክፍል ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፣ እሷም ወደ ቤት አያያዝ ትምህርት ትዛወራለች ይላል። ጉዳዩን የሚቆርጠው የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ነው፤ ትምህርት ሲከፈት። ኡስታዝ ሙርተዳ ደግሞ መምህሯ ናቸው፤ የገዳሪፍ ልጅ ስለሆኑ ለዝግ ጊዜው ወደ አገራቸው መጥተው የምሥራቁን ተማሪዎች ሰብስበው ይህን ውድድር ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። "በጉባኤው ላይ አንድ ድምፅ አለኝ" አሏት። "በዳኞች ፊት ቆመሽ ከተሰማሽ፣ የምናገረው ነገር ይኖረኛል። ካልቆምሽ የለኝም።"

ስለዚህ ትቆማለች። ከእሷ ጋር የሚቆመው ጀማሉ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ ከቋራ በልጅነቱ ይዞት የመጣ፣ ዐረብኛው ከአማርኛው የሚቀድምበት፣ አብሯት የሚማር፣ የሱዳን ወረቀት ስላለው ደብዳቤው ያልደረሰው። ኡስታዝ ሁለቱንም ወገን እኩል ለማየት ሲሉ ልምምድ ላይ አልገባም ብለዋል። አንድ ምክር ብቻ ላኩ፦ "ዳኞቹ ንግግራችሁን አያስጨርሷችሁም። በየመሐሉ ያቋርጣሉ፣ ክፉ ክፉውን ይጠይቃሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፈልጉና ፊቱ ተለማመዱ።"

ጀማሉ መልእክቱን አንብቦ ሲጨርስ ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አልኩ።

"እትዬ ሣህሊቱ" አለ ጀማሉ፣ "ባለፈው ዓርብ ሱቅ ስሄድ ስንት ነገር እንደሚደርስብኝ ነገሩኝ?"

"ከሻ ሊኖር ይችላል ነው ያልኩህ።" ከሻ ማለት የስደተኛ አፈሳ ነው።

"ከሻ፣ የጭነት መኪና፣ ያበደ ውሻ፣ ትኩሳት፣ የተበላሸ ተምር። ወላሂ፣ ከእርስዎ የተሻለ ዳኛ ገዳሪፍ ውስጥ የለም።"

ከሥራ ስመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከግቢያችን የሣር ዳስ ሥር የውኃ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ዳኛ ሆንኩ። ፋናዬ ቆማ ትጀምራለች። ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ አቋርጣታለሁ።

"ደንበኛሽ በር ላይ ሰው ሲሞት እሱ ምን በልቶ ነበር?"

"ክቡር ዳኛ፣ ጥያቄው ከክሱ ጋር..."

"ምን በልቶ ነበር አልኩሽ።"

"ዱራ በልቶ ነበር።"

"ጥሩ። ቀጥዪ። ቆይ። አንቺን ምን አገባሽ? ዜጋ ነሽ? ይህን አገር ፍትሕ ልታስተምሪ ነው የመጣሽው?"

ጀማሉ በወረቀቱ ራሱን እያራገበ "ማአሌሽ፣ ይቅርታ፣ እንዲህማ አይጠይቁም" አለ።

"አንተ የምታውቀው ዳኛ ስንት ነው?"

"አንድም።"

"እኔ ሁለት አውቃለሁ። ይጠይቃሉ።"

በአንድ ሳምንት ውስጥ ልጄ ተለወጠች። መጀመሪያ ሳቋርጣት ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር። ኋላ ኋላ እያቋረጥኳት ውኃ መጠጣት ጀመረች። የማስበው ክፉ ነገር ሁሉ፣ በየሌሊቱ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁሉ፣ ቀን ሲሆን ለእሷ ጥያቄ ሆነላት። "ሹሙ ቢጠራው ኖሮ ነጋዴው እህሉን በጓሮ አያሸሽም ነበር?" "ነጋዴው ለሹሙ ጉቦ አይሰጥም ነበር?" "በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ይሞታል?" ለዚህ የመጨረሻው መልስ ሦስት ቀን አጥታለት ነበር።

አቋቋሟን ያስተካከሉላት አያ አንዳርጌ ናቸው። አያ አንዳርጌ በአርማጭሆ የታወቁ የአገር ሽማግሌና ዳኛ ነበሩ። ባለፈው ጥቅምት ቤተሰባቸውን ይዘው ከድንበሩ ወዲህ ቁረይሻ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው መመለሻው የተዘጋባቸው፣ አሁን ከእኛ አጥር ማዶ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ ጮክ ብለው ሲከራከሩ ሰምተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስገቡ።

"ይህ ሙግት ነው ልመና?" አሉ።

"ሙግት ነው፣ አያ አንዳርጌ" አለች ፋናዬ።

"ታዲያ ጎርፍ እንደ ገፋው አጥር ምን ያስዘነብልሻል?"

ገቡና አሳዩን። በጥንቱ ሙግት "በላ ልበልህ" ብሎ የሚነሳ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ይናገራል። ይመለሳል። ደግሞ ይወጣል። ዋናውን ነገር የተናገረ ጊዜ ቀኝ እጁን ወደ ዳኛው ዘርግቶ "ይህን ባላስረዳ በቅሎዬ ትያዝ" ብሎ ይወራረዳል። "ያላስያዘ ሰው ቃሉን ማን ይሰማዋል?" አሉ አያ አንዳርጌ። "አፍ ብቻውንማ ውሻም አለው።"

ፋናዬ ወደደችው። ከዚያ ወዲያ በየልምምዱ መጨረሻ ቀኝ እጇን እየዘረጋች ያልነበራትን በቅሎ ስታስይዝ ሰነበተች። ጀማሉም "ኸላስ፣ በቃ፣ ስድስተኛዋ በቅሎሽ ናት፣ መመለሻ የምትሆን አትቀርሽም" እያለ ይስቅባታል። እኔም ስቄያለሁ። ለሌላው ሁሉ የፈራሁ ሴት ለዚህ አልፈራሁም።

ክርክሯ በዐረብኛ ነው፤ አያ አንዳርጌ ዐረብኛ አይሰሙም። ለማን እንደምትሟገት የጠየቁት በአራተኛው ቀን ነው። ጀማሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ከመሬት አነሱ።

"እህል ለቆለፈ ሰው ነው ያን ሁሉ ያስተማርኩት?"

"ዕጣ ነው፣ አያ" አለች ፋናዬ።

"እኔ በዚህ ጥቅምት ሁለት የልጅ ልጆቼን ከሽንፋ ወዲህ ቀብሬያለሁ። አንዱን በእጄ ቆፍሬ። አንቺ ደግሞ ለባለ ጎተራው..." ተነሥተው ወደ አጥራቸው መሄድ ጀመሩ።

ልጄ ግን ተከተለቻቸው።

"አያ አንዳርጌ፣ ዳኛ በነበሩ ጊዜ ሌባ ሲያቀርቡልዎት አፉን አስዘግተው ነው የሚፈርዱበት?"

"ሌባም ይናገራል።"

"መናገር ባይችልስ?"

"ነገረ ፈጅ ያቆማል።"

"ነገረ ፈጁስ ሌባ ነው?"

ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደግፈው ዞሩላት። "ምላስሽ" አሉ፣ "ምላስሽ ከአቋቋምሽ ይሻላል።" ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም።

እኔን ግን ያ ንግግር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ምክንያቱ አባቷ ነው።

ባሌ ታከለ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል ነጋዴ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት "የኢኮኖሚ አሻጥር" ተብሎ ተያዘ። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ካድሬው "ስለዚህ ሰው የሚናገር አለ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ከታከለ በብድር እህል የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ክርስትና ያነሣቸው ልጆች አባቶች ነበሩ። እኔ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አፌን ብከፍት እኔንም ይወስዱኛል፣ ልጄ ብቻዋን ትቀራለች ብዬ ዝም አልኩ። ሁሉም ዝም አለ። ታከለ ከዚያ ስብሰባ አልተመለሰም። ፋናዬ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቴ በሐሰት ተከሶ ሞተ ብላ ነው ያደገችው።

በልምምዱ አሥረኛ ቀን፣ ጀማሉ ባልመጣበት፣ እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት።

"ደንበኛሽ እህሉን ደብቆ ነበር?"

"አልደበቀም፣ ክቡር ዳኛ። መጋዘኑ የሚታወቅ ነው፤ የቆለፈው በራሱ ቁልፍ ነው።"

"ቢደብቅስ? ከወለል ሥር ቆፍሮ ቢቀብረውስ?"

"ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም።"

"እኔ ግን እየጠየቅኩሽ ነው።"

ድምፄ ዳኛ መሆኑን ተወው መሰለኝ፤ ወረቀቷን አስቀመጠች። ያኔ ነገርኳት። ከጓዳችን ወለል ሥር አሥራ አንድ ኩንታል ጤፍ ነበር። ያወቅኩት ወለሉን መልሼ በእበት የለቀለቅኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ክሱ ሐሰት አልነበረም።

ፋናዬ ተነሥታ ወጣች። ሁለት ቀን ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። እኔም ያሰብኩትን ሁሉ አሰብኩ፦ ውድድሩን ትተወዋለች፣ ቦታዋን ታጣለች፣ ዕድሜ ልኳን ትጠላኛለች። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጀሪካኑ ከዳሱ ሥር በቦታው ተቀምጧል። እሷ ከፊቱ ቆማለች።

"ተቀመጪና ጠይቂኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ያንኑን።"

ተቀመጥኩ። "ደንበኛሽ እህሉን ደብቆ ነበር?"

"ደብቆ ይሆናል።"

"እንግዲያው ምን ፈልገሽ ቆምሽ?"

"እንዲሰማ። ሲሰማ ይፈረድበት ይሆናል። ሳይሰማ ግን ማንም አልፈረደበትም፤ ወሰዱት እንጂ።"

ያን ቀን ችሎቱን ቶሎ አነሣሁ።

ውድድሩ በግንቦት አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። ሦስት ዳኞች ተቀመጡ። የመሐሉ የከተማው የድሮ ዳኛ ናቸው፤ በዚህ አገር ዳኛን "መውላና" ብለው ነው የሚጠሩት። በግራቸው አንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ፣ በቀኛቸው አንድ ጠበቃ። ነገሩ የእህል ነጋዴ ነገር መሆኑ ተወርቶ ኖሮ ፊተኛው ወንበር ላይ ነጭ የለበሱ ነጋዴዎች ተደርድረዋል። የእኛ ሰዎች ከኋላ በግድግዳው ጥግ ቆመዋል። መሐላቸው አያ አንዳርጌ አሉ። ሊሰድቧት የመጡ መሰለኝ።

መጀመሪያ ጀማሉ ተናገረ፤ ደህና ተናገረ። ቀጥሎ ፋናዬ ተነሣች። "የሰው ንብረት ያለ ፍርድ አይነካም" ስትል ነጋዴዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ሴት በትግርኛ አንድ ነገር ስትል፣ ሌላዋ ምራቋን ስትተፋ ሰማሁ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

መውላና እጃቸውን አንሥተው አቋረጧት።

"ደንበኛሽ ደግ ሰው ነው ብለሽ ታምኛለሽ?"

"ደግ ነው አላልኩም፣ መውላና። እህሉን ደብቆ ይሆናል። በሩ ላይ ሰው እየወደቀ ዝም ብሎ ይሆናል። ይህ ከሆነ ወንጀለኛ ነው።"

የነጋዴዎቹ ጭብጨባ ቆመ። አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል አለ።

"ታዲያ ሹሙ ምን አጠፋ?"

"አልጠራውም። አንድ ሰዓት አስቀምጦ አልጠየቀውም።"

"ልጄ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሞት ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፣ መውላና። እናቴ ስማቸውን ትጽፋለች።" ወረቀቷን አጠፈች። "ግን ሹሙ ሦስት ቀን ጠብቋል። የነጋዴውን መልስ እየጠበቀ ሦስት ቀን ሰው ሞቷል። ከዚያ ሁሉ አንዱን ሰዓት ሰው ልኮ ነጋዴውን ለማስጠራት ቢያውለው ኖሮ፣ እህሉ በሁለተኛው ቀን ይከፈት ነበር። ሳይሰሙ መፍረድ ለተራበው አላፈጠነለትም። አዘገየበት።"

የቀኙ ጠበቃ ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሸንፋለች ብዬ አሰብኩ። ልጄም ተሰማት መሰለኝ፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች፣ ቀኝ እጇን ወደ ዳኞቹ ዘረጋች፣ በጠራ ዐረብኛ፣

"ይህን ባላስረዳ፣ በሕግ ክፍል ያለኝ ቦታ ይያዝ" አለች።

ጀማሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። ፋናዬ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ምን እንዳጠፋች አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም። በእኛ አገር ያ የሙግቱ ማማር ነው።

ውጤቱ ከእኩለ ቀን በፊት ተነገረ። የከሰላ ልጆች በሁለት ነጥብ አሸነፉ። መውላና ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ጠበቃ በደንበኛው ነገር ራሱን አያስይዝም፣ ይህ የችሎት ነውር ነው፣ ሁለቱ ነጥብ የሄደው በዚያ ነው አሉ። ለዚህ ቅር አላለኝም። ነውር ከሆነ ነውር ነው።

ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ግን ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ "መውላና፣ ልጅቷ እኮ ቦታዋን አስይዛ ነበር" አለ። "ተረታች። ቦታው ተለቋል ብለን ለዩኒቨርሲቲው እንጻፍ እንዴ?"

ፊተኛው ረድፍ ሁሉ ሳቀ። ኡስታዝ ሙርተዳ ወለሉን አዩ። ነገሩ ቀልድ ነው። ግን የዚህ ከተማ ቀልድ በባቡር ካርቱም ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ደብዳቤ ይሆናል። አራተኛው ረድፍ ላይ እንደ ተቀመጥኩ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ዙሪያዬን አየሁ። የሚናገር ሰው አልነበረም።

ተነሣሁ።

"መውላና" አልኩ። ዐረብኛዬ የገበያ ዐረብኛ ነው፤ ቢሆንም አልተውኩትም። "ይህ ውርርድ የእኛ አገር ነው። በእኛ አገር ሕግ ውርርድ ብቻውን አይቆምም። ባላጋራው 'ተቀብያለሁ' ማለት አለበት። እሱም በበኩሉ ያስይዛል። ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ። ያለዚያ ንፋስ ነው። የልጄን ውርርድ ማን ተቀበለ?"

"ማን ነሽ?" አሉ መውላና።

"እናቷ ነኝ።"

"እዚህ ተመልካች አይናገርም። ተቀመጪ።"

"እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ማን እንደተቀበለ ይነገረኝ።"

ከበሩ በኩል ሁለት ሰው ወደ እኔ መራመድ ጀመረ። ሊያስወጡኝ ነው፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ከሻ ነው፤ ከዚያ ድንበር ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞርኩ። "አንተ ተቀበልክ? ከተቀበልክ ምን አስያዝክ? የዐቃቤ ሕግነት ወንበርህን ታስይዛለህ?"

ከኋላ ዱላ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ። አያ አንዳርጌ ናቸው። የተባለውን ጀማሉ ሮጦ ሄዶ ሲተረጉምላቸው ቆይቶ ኖሯል። "እውነቷን ነው" አሉ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን ለአዳራሹ። "ተቀባይ የሌለው ውርርድ ለባለቤቱ ይመለሳል። እኔ በዚህ ስንት ዘመን ፈርጃለሁ።" ምን እንዳሉ ጀማሉ በዐረብኛ ደገመው፤ የራሱን ድምፅ እስኪያጣ ጮክ ብሎ።

መውላና ወደ ከሰላ ልጆች ዞሩ። ረጅሙ ልጅ ተነሣ። "እኔ አልተቀበልኩም፣ መውላና" አለ። "ጓደኛዬም አልተቀበለም። ቦታዋን ማን ይፈልገዋል? ቦታ አለን።"

አሁን የሳቀው የኋላው ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ አልሳቀም። መውላና ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ "ያስያዘችው ተመልሶላታል። ይመዝገብ" አሉ። "አንቺም ተቀመጪ።"

አልተቀመጥኩም። ሲመዘግቡት ልይ ብዬ ነው፤ እነሱ ግን ድፍረት መስሏቸው ችሎቱን እኔ እንደ ቆምኩ ዘጉት።

ከአዳራሹ ውጭ፣ ኡስታዝ ሙርተዳ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ መጡ።

"በደንብ ተከራክራለች" አሉ። "ግን አላሸነፈችም። ለጉባኤው ምን ብዬ እንደማቀርበው አላውቅም።"

"ታሸንፍ አላሉም" አልኳቸው። "ቆማ ከተሰማች ነው ያሉት።"

"ብያለሁ። ቢሆንም ጉባኤው በወረቀት ነው የሚወስነው። ተማሪ አስገብቶ አይሰማም።"

"እርስዎ የጻፉት ጉዳይ ምን ነበር?"

ላባቸውን መጥረግ ቀጠሉ።

"ሰው ሳይጠራና ሳይሰማ የያዘው አይወሰድበትም የሚል ክርክር እኮ ነው ለልጄ የሰጧት" አልኩ። "አንድ ወር ሙሉ ስትለማመደው ነበር። ለማያውቀው ነጋዴ ስትለማመደው። ለራሷ ሲሆን አይሠራም?"

ፋናዬ ክንዴን ያዘችኝ፤ ልታስቆመኝ መሰለኝ። "ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኡስታዝ" አለች ግን። "ከመወሰናቸው በፊት እንዲሰሙኝ። እርስዎ ያስገቡልኝ።"

ኡስታዝ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። "አንድ ገጽ" አሉ። "ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በቅሎም እንዳይገባበት።"

ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ተስሪህ የሚሉትን የጉዞ ፈቃድ ለሁለት ሰው ለማውጣት አሥራ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ለአንድ ይበቃል አሉኝ። አንዷ ብትታመም፣ አንዷ ብትያዝ፣ መኪናው ቢገለበጥ ብዬ የሚሆነውን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ ሳልጨርስ ፈረሙልኝ።

ጉባኤው በተሰበሰበበት ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከደጁ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጥን። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ጸሐፊ ወጥቶ ዛሬ አይደርሳችሁም፣ ነገ ተመለሱ አለን። ነገ ጉባኤው እንደማይቀመጥ ከበር ጠባቂው ጠይቄ ነበር፤ እንደዚያ እንደሚሉን ቀድሜ ስላሰብኩ። አልተነሣንም። ስምንት ሰዓት ላይ ኡስታዝ ሙርተዳ በሩን ከፍተው "ፋናዬ ታከለ" ብለው ጠሩ።

እኔን አላስገቡኝም። ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማኝም ነበር። የወንድ ድምፅ። የእሷ ድምፅ። የወንድ ድምፅ አቋረጣት። የእሷ ድምፅ፣ በተቋረጠበት ሳይሆን ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ እንደገና ጀመረ። ደግሞ አቋረጧት። ደግሞ ጀመረች። ውኃ ቢሰጧት ጥሩ ነበር።

ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አንድ ዓመት" አለች። "የሦስተኛ ዓመቱን በሕግ ክፍል እንድማር ፈቀዱልኝ። በዓመቱ መጨረሻ ደግመው ያዩታል።"

"ፈቃድ የማያገኝ ስደተኛ ለምን ሕግ ይማራል አላሉሽም?"

"ብለዋል። ለነጋዴ ለመቆም ፈቃድ አልነበረኝም፣ ቆሜያለሁ አልኳቸው። አንዱ ሳቁ።"

"ሳቁ? በክፉ ነው በደግ?"

"እንጃ፣ እማዬ። ድምፅ ሲሰጡ እጃቸውን አነሡልኝ።"

ላቅፋት ፈለግኩ። ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። የሰው ቃል፣ የጉባኤም ቢሆን፣ ሌሊቱን ሲያድር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

"በጽሑፍ ሰጡሽ?"

"ነገ ከጽሕፈት ቤት ውሰጂ ብለውኛል።"

"ነገ የለም" አልኳት። "ተመለሺና ዛሬ ጻፉልኝ በያቸው። ቀኑንም ይጻፉበት።"

"ስብሰባቸውን ጨርሰው እየተነሡ ናቸው እኮ።"

"እንግዲያው ሳይወጡ ድረሺባቸው።"

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተመልሳ ገባች። በሩ ከኋላዋ ሊዘጋ ሲል እግሬን አስገባሁበት፤ በር ጠባቂው "ሴትዮ" ቢለኝም አላወጣሁትም።